አርማታ የተወለደባት የአበባ ማሰሮ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ ከሚገኘው ከመሪ ሜዳ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ለሚል ሰው፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሳበው የየካ ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታየዋል። በዚያ ተራራ ላይ፣ አበው በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ታነጸ እያሉ በትውፊት የሚተርኩለት፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ወደ 12ኛው መቶ ዓመት የሚያስጠጉት፣ ዋሻ ሚካኤል የተባለ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ጠራቢዎቹ ቤተ መቅደሱን ያወጡት፣ ሰው በምድሪቱ ላይ ሳይሰፍር እሳተ ገሞራ ተፍቶት፣ ኋላም በራሱ ክብደትና ሙቀት ተጠቅጥቆ ድንጋይ ከሆነ አመድ ውስጥ ነው። ስለ ሲሚንቶ የአበባ ማሰሮ ለመተረክ የተነሣ ሰው ነገሩን ከእንዲህ ያለ ቅዱስ ስፍራ መጀመሩ ድፍረት እንዳይመስልበት እሰጋለሁ፤ ሆኖም አመድን ድንጋይ የማድረግ ጥበብ ፍጥረት በየካ አስቀድማ የሠራችው፣ የሰው እጅም እጅግ ዘግይቶ የተማረው ጥበብ ነውና፣ ለትረካው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁለትም።

የጥንት ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ከተቃጠለ ኖራ ጋር ሲዋሐድ በውኃ ውስጥ እንኳ እንደሚጠነክር ዐውቀው ወደብና ጉልላት ሠሩበት፤ መንግሥታቸው ሲፈርስ ጥበቡም በአብዛኛው ተዘነጋ። በእኛ አገር የኖራ ምርጊት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ለሕንጻ ሥራ ውሎ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ እስከ ዛሬ ለቆሙት አብያተ መንግሥት ድንጋይ ማያያዣ ሆነ። ኖራ ግን ለግንብ እንጂ ለዕቃ አይሆንም፤ ብቻውን ስስ ተደርጎ ቢቀረጽ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ያፈርሰዋል። ስለዚህ ማሰሮው፣ ገንቦው፣ እንስራውና ጋኑ ከጥንት ጀምሮ የሸክላ ሠሪ እናቶች ግብረ እድ ሆኖ ኖረ፤ ከጓሮ አትክልት መካከልም ጤና አዳምንና በሶብላን ከደጃፍ ማቅረብ የወደደች እመቤት አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ወይም ሥንጥቅ የገባበት ገንቦ ነበር አፈር ሞልታ የምትተክልበት።

አሁን ሲሚንቶ የምንለው ዱቄት የተገኘው ከባሕር ማዶ ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በጥቅምት ወር 1817 ዓ.ም. የኖራ ድንጋይንና ሸክላ አፈርን አብሮ አቃጥሎ በመፍጨት ያገኘውን ዱቄት ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ በስሙ አስመዘገበ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ባለሙያዎች የምድጃውን ሙቀት እየጨመሩ አሻሻሉት፤ ዛሬ ድብልቁ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። በዚህ ሙቀት የተሠራው ዱቄት ውኃ ሲነካው እንደ ጭቃ ደርቆ የሚጠነክር አይደለም፤ ውኃውን ወደ ባሕርዩ አስገብቶ አዲስ ውሑድ ይሆናል እንጂ። ብዙ ሰው፣ ግንበኛ የሆነ ሰው ጭምር፣ ሲሚንቶ በፀሐይ የሚደርቅ ይመስለዋልና፣ ስንት ማሰሮ በዚህ ስሕተት ምክንያት እንደ ተሰነጠቀ ኋላ እንመለስበታለን።

የትረካው ዋና ሰው ግን መሐንዲስም መኰንንም አልነበረም። ጆሴፍ ሞኒየ በሸክላ ሥራዋ ከታወቀች ሴንት ኳንታን ከተባለች የደቡብ ፈረንሳይ መንደር በ1816 ዓ.ም. የተወለደ፣ በፓሪስም በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ገነት ውስጥ ያገለገለ አትክልተኛ ነበረ። የመኳንንቱ ኩራት የነበሩት የብርቱካን ዛፎች በበጋ ከደጅ ይቆማሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ሙቀት ወዳለው ቤት መግባት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ዛፎቹ የሚተከሉት ሊንቀሳቀስ በሚችል ትልቅ ዕቃ ውስጥ ነበር። የእንጨቱ በርሜል በአፈሩ ርጥበት በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ የሸክላው ጋን በማንሣትና በማውረድ ይሰበራል። ሞኒየ ሲሚንቶ ሞከረ። ሲሚንቶው ርጥበቱን ቻለ፤ ነገር ግን የዛፉ ሥር እያደገ ሲገፋ፣ ማሰሮው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጥረውን ኃይል ሊቋቋም ስላልቻለ ተሰነጠቀ። በዚህ ጊዜ ነው አትክልተኛው የብረት ሽቦ መረብ ጠምዝዞ፣ በማሰሮው ግድግዳ መካከል ቀብሮ፣ ሲሚንቶውን በላዩ የመረገበት።

ይህ ሥራ ለተመልካች ከንቱ ሙከራ ሳይመስል አልቀረም፤ ብረት በርጥብ ነገር ውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም ሲያብጥ ማሰሮውን ይሰነጥቃል ተብሎ የሚፈራ ነበርና። የተፈራው ግን አልደረሰም፤ ምክንያቱም ሲሚንቶ በውስጡ ባለው የኖራ ባሕርይ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ከዚህም የሚበልጠው ድንቅ ነገር፣ ብረትና ሲሚንቶ በሙቀት ሲሰፉና በብርድ ሲኮማተሩ መጠናቸው ተቀራራቢ መሆኑ ነው፤ አንዱ ከሌላው ቢበልጥ ኖሮ በአንድ ቀን ፀሐይና በአንድ ሌሊት ብርድ ውሕደታቸው በፈረሰ ነበር። ሲሚንቶ ጭነትን ይችላል፣ ውጥረትን አይችልም፤ ብረት ደግሞ ውጥረትን ይችላል። የሁለቱ ተዋሕዶ ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ነገር ወለደ፤ እርሱም ዛሬ ግንበኞቻችን አርማታ የሚሉት ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብሁ ቍጥር የምደነቀው፣ የዘመናችንን ከተማ ሁሉ ያቆመው ጥበብ የብርቱካን ዛፍ ከሥሩ እንዳይጎዳ በሚጨነቅ አትክልተኛ እጅ መገኘቱን ነው፤ የአበባ ማሰሮን ከሕንጻ ተረፈ ምርት የሚቆጥሩ ሰዎች ነገሩን በግልባጩ ይዘውታል፤ ማሰሮዋ እናት ናት፣ ሕንጻው ልጅ ነው።

ሞኒየ ማሰሮዎቹን በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በእኛ አገር ዘመኑ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ጉዞ ሊነሡ ጥቂት ወራት የቀሩበት ነበር። አትክልተኛውም ከማሰሮ ወደ ውኃ ቧንቧና ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያም ወደ ግድግዳ፣ ከስምንት ዓመት በኋላም ሻዝሌ በተባለ ስፍራ ወደ ድልድይ ተሻገረ። ሆኖም ጥበቡን በስሌት አስደግፈው ወደ ሕንጻ የወሰዱት ጀርመኖች ናቸው፤ ዋይስ የተባለ መሐንዲስ መብቱን ገዝቶ፣ የአሠራሩን ምሥጢር የሚገልጽ መጽሐፍ በ1879 ዓ.ም. ገደማ አሳተመ። ሞኒየ ራሱ በ1880 ዓ.ም. ከሥሮ፣ በ1898 ዓ.ም. በፓሪስ ባለጸጋ ሳይሆን ዐረፈ።

ያ መጽሐፍ በታተመበት ዘመን፣ ከዚያ እጅግ ርቆ፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድና ነፋስ ወደ ፍልውኃ ሜዳ ወርደው ቤት በመሥራታቸው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። አዲሲቱ ከተማ ማሰሮዋን ታገኝ የነበረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ነው። እነዚያ እናቶች አፈሩን ቆፍረው፣ አቡክተው፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ አቁመው፣ በሜዳ ላይ በእሳት ተኩሰው፣ በጀርባቸው አዝለው ወደ ገበያ ያወጡ ነበር። ከተማው ሁሉ በእነርሱ ድስት እየበላ፣ በእነርሱ ጀበና እየጠጣ፣ መልሶ በቡዳነት ይሰድባቸው ነበር፤ ይህ በሕዝባችን ታሪክ ውስጥ ካሉት አሳፋሪ ነገሮች አንዱ መሆኑን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪው ሁሉ ለአገር የሚጠቅም መሆኑን አስረዱ። አዋጁ ልማዱን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ይሁን እንጂ በእጁ የሚሠራ ሰው በንጉሥ ቃል ክብር ማግኘቱ ከኋላ ለሚመጣው የግንበኛ ትውልድ ሁሉ በር ከፋች ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ የተራቆተውን እንጦጦን ሲያለብሰው፣ ለሸክላው መተኮሻም ለቤቱም ማገር የሚሆን እንጨት ተገኘ። ሲሚንቶ ግን ገና ከውጭ በብዙ ድካም የሚመጣ ብርቅ ነበር፤ ባቡሩ ድሬዳዋ እስኪደርስ፣ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ሲሚንቶን ለአበባ ማሰሮ ማዋል ለማንም የሚታሰብ አልነበረም።

የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር፣ መንገድና ድልድይ ለመሥራት ከነበረው ጥድፊያ የተነሣ ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ቆመ። የወረራው ዓመታት ያፈሰሱት ደም የማይረሳ ሆኖ ሳለ፣ በእነዚያው ዓመታት በቀን ሠራተኛነት የተቀጠሩ ወገኖቻችን አርማታ መሙላትን፣ ፌሮ ማሰርን፣ ሊሾ ማውጣትን ተምረው፣ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ሙያው በእጃቸው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የራስዋን የሲሚንቶ ፋብሪካ አገኘች፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አርማታ በዚህች ከተማ ምን ያህል ቁመትና ውበት ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። በ1976 ዓ.ም. ገደማ የሙገር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ሲሚንቶ ከመንግሥት ግንባታ አልፎ ወደ ተራው ሰው ቅጥር ግቢ መግባት ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ አዋጅ ምክንያት በማኅበር ተደራጅተው ቤት የሚሠሩ ቤተሰቦች አጥራቸውንና ደረጃቸውን በሲሚንቶ ያሠሩ ነበርና።

በዚሁ ዘመን ነው የከተማይቱ ምሥራቅ ጫፍ ከመገናኛ አልፎ የተዘረጋው። የራቬና ከተማ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሆነው የኢጣሊያ ኩባንያ ቤቶችን የሠራበት ሠፈር በኩባንያው ስም ሲ.ኤም.ሲ. ተብሎ ቀረ። ከሲ.ኤም.ሲ. ቀጥሎ የሚገኘው መሪ ያን ጊዜ ገና የገበሬ ማሳና የከብት መሰማሪያ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአያት በኩል የመኖሪያ ቤት አልሚዎች፣ ከሲ.ኤም.ሲ. በኩል የማኅበር ቤቶች እየገፉ መጥተው ማሳውን ከሁለት ወገን ዘጉት። ቤት በሚሠራበት ሠፈር ደግሞ ሁልጊዜ የሚተርፍ ነገር አለ፦ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የአሸዋ ቁልል ግርጌ፣ የፌሮ ቁርጥራጭ፣ የማሰሪያ ሽቦ ጥቅል፣ ቀለሙ ያለቀ ባልዲ። የተከፈተ የሲሚንቶ ከረጢት የክረምት እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፤ ስለዚህ ቤቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ወይም ዘበኛው ወይም ግንበኛው የተረፈውን ቶሎ ለአንድ ነገር ማዋል አለበት። ማሰሮው ወደ መሪ የገባው በዚህ በር ነው፤ ማንም ሞኒየን ሳያነብ፣ ሞኒየ የሠራውን ሠራ።

አሠራሩን በዝርዝር መናገር ይገባል፤ እጅ ሥራ በዝርዝሩ ካልተጻፈ ይጠፋልና። ሁለት ባልዲዎች፣ አንዱ ከሌላው የሚያንስ፣ ይመረጣሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ለትንሹ ማሰሮ 3፣ ለትልቁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ባልዲዎቹ ሲሚንቶው እንዳይጣበቅባቸው ዘይት ይቀባሉ፤ ብዙዎች የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባሉ፣ ነገር ግን እርሱ ወደ ማሰሮው ገብቶ ለተክሉ መርዝ ስለሚሆን የምግብ ዘይት ወይም ሳሙና ይሻላል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ ከታጠበ አሸዋ ጋር በደረቁ ይደባለቃል፤ ውኃ የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ እንጂ የሚፈስስ መሆን የለበትም፤ የበዛው ውኃ ኋላ ተንኖ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳልና። ከሥር የቧንቧ ቁራጭ ተተክሎ የውኃ መውጫ ይሆናል፤ ይህ የተረሳበት ማሰሮ ክረምት ሲገባ የተክሉ መቃብር ነው። የሽቦው መረብ በግድግዳው መካከል እንዲቀመጥ ከድብልቁ ጋር እየተጠቀጠቀ ይወርዳል። ሌሎች ደግሞ ባልዲውን ገልብጠው፣ አሮጌ ፎጣ በቀጠነ ሲሚንቶ ነክረው በላዩ ይጥሉታል፤ ጨርቁ በወደቀበት እጥፋት ይጠነክርና ሲገለበጥ ማሰሮ ይሆናል፤ ለዓይን ያማረ ነው፣ ትልቅ ሥር ላለው ተክል ግን አልመክረውም። ሥራው ሁሉ በጓንት መሆን አለበት፤ ርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን በዝግታ ያቃጥላል፣ ሕመሙም የሚታወቀው ቁስሉ ከመጣ በኋላ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚስተው እዚህ ነው። በየካና በእንጦጦ ሥር የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ ብርቱ ስለሆነ ሲሚንቶው ዝግ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ በቆላ በአንድ ቀን ከባልዲው የሚወጣው ማሰሮ እዚህ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ከወጣም በኋላ ከፀሐይ ተሰውሮ፣ በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ 7 ቀን በየጊዜው ውኃ ሊጠጣ ይገባል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ነው። ለማድረቅ ብሎ ከፀሐይ የሚያሰጣው ሰው፣ ቀደም ብዬ እንደ ተናገርሁት፣ ለጥንካሬው የሚያስፈልገውን ውኃ ይነጥቀዋል። ቀጥሎ ማሰሮው በውኃ እየተሞላና እየተደፋ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ አዲስ ሲሚንቶ የሚያወጣው የኖራ ምሬት ሥርን ያቃጥላልና። በውጭው ላይ ነጭ አመዳም ነገር ብቅ ቢል በውኃ የቀጠነ አቼቶ ያጥበዋል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከተማይቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በስፋት መሥራት ስትጀምር ለዚህ ሙያ አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። ፕሮግራሙ በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬትና የወለል ተሸካሚ አግዳሚዎችን እንዲያመርቱ አደረገ፤ ብዙ ወጣቶች ሲሚንቶ መመጠንን፣ ቅርጽ ማውጣትን፣ ውኃ ማጠጣትን ተማሩ። ብሎኬት በሚመረትበት ግቢ ጥግ የአበባ ማሰሮ መደርደሩ የማይቀር ነበር፤ ቅርጽ ማውጫውን ብቻ መለወጥ ነበርና። በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎችም ከፕላስቲክ ከረጢት ችግኛቸው ጎን የሲሚንቶ ማሰሮ ማቆም ጀመሩ። በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ ምሥራቅ መስመር እስከ አያት ሲከፈት መሪ የራሱን ጣቢያ አገኘ፤ ሠፈሩም ከዳርቻነት ወደ መተላለፊያነት ተለወጠ።

መንገዱ ግን ቀና ብቻ አልነበረም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሲሚንቶ ተወድዶና ጠፍቶ፣ ቤት የጀመረ ሰው ሥራውን እስከ ማቆም ደረሰ፤ መንግሥትም ዋጋና ማከፋፈያ እስከ መወሰን ሄደ። በዚያን ጊዜ ለማሰሮ የሚተርፍ ሲሚንቶ ስላልነበረ፣ ብዙዎች ወደ አሮጌ ጎማና ወደ ጀሪካን ተመለሱ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ተከፍቶ፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ የከተማይቱ ጎዳናዎች በአበባ ሲሞሉ ደግሞ የማሰሮ ፈላጊው በዛ። ለጎዳና የሚሆነው ትልቁ ማሰሮ የባለ ማሽን ሥራ ነው፤ በእኔ ፍርድ ግን የዚህ ሙያ ፈተናም ተስፋም ያለው በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በረንዳ ላይ ነው።

አብዛኞቹ እነዚያ ሕንጻዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም። አንድ ሜትር ኩብ ተራ አርማታ 2400 ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ ግድግዳውና ሥሩ 20 ሊትር ድብልቅ የወሰደ መካከለኛ ማሰሮ ባዶውን 48 ኪሎ ይሆናል፤ አፈርና ውኃ ሲጨመርበት ሁለት ጎልማሶች በደረጃ የማያወጡት፣ በረንዳውም ተደርድሮ ሲገኝ የማይወደው ሸክም ነው። የመሪ ግንበኞች ለዚህ መፍትሔ ያገኙት ብሎኬት ከሚመቱበት ቁስ ነው፦ ከስምጥ ሸለቆ በኩል በመኪና የሚመጣውን ፑሚስ፣ ያም ሳይገኝ ሲቀር ቀይ አሽ የሚባለውን ቀላል ድንጋይ፣ በአብዛኛው አሸዋ ፈንታ ይጨምራሉ። በእንግሊዝ አገር የተራራ አበባ የሚወድዱ አትክልተኞች በተመሳሳይ ብልሃት የተፈጥሮ ቀላል ድንጋይ የሚመስል መትከያ ከሠሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እነርሱ ግን ቁሱን ከሱቅ ይገዛሉ፣ እኛ የአገራችን እሳተ ገሞራ አዘጋጅቶልናል። ፑሚስ በአረፋ የተሞላ ድንጋይ ስለሆነ የማሰሮውን ክብደት በግማሽ ያህል ያቀልለዋል፤ በቀዳዳዎቹ ውኃ ይዞ ለሲሚንቶው ቀስ እያለ ስለሚሰጠው የጆንያውን ሥራ ያግዛል፤ የማሰሮው ግድግዳም አየር ያሳልፋል፣ ሥሩ አይታፈንም። ሲሚንቶው ራሱ ፑሚስ በፋብሪካ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት፣ ፒ.ፒ.ሲ. የተባለው ዓይነት ሲሆን ደግሞ የእሳተ ገሞራው አመድ ትርፉን ኖራ ስለሚይዘው ለተክሉ የሚደርሰው ምሬት ያንሳል፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ዘግይቶ ነውና ከባልዲው ለማውጣት መቸኮል አይገባም። እንዲህ የተሠራውን ማሰሮ አንዲት ሴት ብቻዋን እስከ አራተኛ ፎቅ ታወጣዋለች፤ በውስጡም የሚተከለው ጽጌረዳ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ አንዳንዴም በሶብላ ነው።